በ12 ካሬ የጭቃ ቤት አራት ሰው እንዴት ይደላደላል?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። አንድ የኪራይ ክፍል፤ ወርዱ 3 ሜትር፣ ርዝመቱ 4። ግድግዳው የባህር ዛፍ ቋሚ በማገር ተያይዞ በጭድ ጭቃ የተመረገ፣ ወለሉ አፈር፣ ጣሪያው ወደ ፊት ብቻ ያዘነበለ ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የሌለው። የኋላው ግድግዳ ከፍታ 3.30 ሜትር፣ በርና መስኮት ያለበት የፊቱ 2.70። ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር ይኖሩበታል። ጠያቂዋ የፈለገችው ሦስት ነገር ነው፦ ልጆቹ የሚተኙበት፣ አንድ ኩንታል ጤፍ የሚቀመጥበት፣ እንግዳ ሲመጣ አራት ሰው የሚያስቀምጥ መቀመጫ። አከራዩ ግድግዳ መንካትንም ወለል መቆፈርንም አይወድም፤ ስለዚህ የሚሠራው ሁሉ ሲለቁ ተፈትቶ የሚሄድ ቢሆን ትመርጣለች። ካልሆነ አልጋውን ሸጠው ፍራሽ መሬት ላይ ሊያነጥፉ አስበዋል። 24 ምላሽ ተሰጥቷታል፤ ፍሬ ነገሩ በየተራው እነሆ።

ምላሽ 1። የመጀመሪያው መላሽ ሰላምታውን አስቀድሞ፣ እንጨት ከመቆረጡ በፊት ቤቱ ወረቀት ላይ ይሰፈር አለ። 1 ሜትሩን በ5 ሳንቲ ሜትር መስሎ ክፍሉን 15 በ20 አድርጎ መሣል፤ አልጋውን፣ ሣጥኑንና ኩንታሉን በዚያው ልክ ከካርቶን ቆርጦ እያዘዋወሩ ማየት። ሰው የሚረሳው የበሩን አከፋፈት ነው፤ 80 ሳንቲ የሆነ በር ወደ ውስጥ ሲከፈት የሚጠርገውን ቦታ ሳይቆጥሩ ዕቃ ይገዙና አንድ ጥግ ሙሉ ይባክናል። መተላለፊያው ከ60 ሳንቲ ከጠበበ ውኃ የያዘ ሰው አያልፍበትም። 1.20 በ1.90 የሆነው አልጋ ብቻውን ከ12ቱ ካሬ 2.28ቱን እንደሚወስድም አስልቶ አሳይቷል። ቀላል ምክር ይመስላል፤ ግን ኋላ ብዙው ክርክር የበረደው በዚህ ካርቶን ነው።

ምላሽ 2። ወለሉን ለሰው ትቶ ዕቃውን ሁሉ ወደ ግድግዳ ማውጣት ይሻላል የሚል ነው። ከመስኮቱ በላይ ለድስትና ለሰሃን፣ ከአልጋው በላይ ለልብስ፣ ጣውላ በቁጥር 8 (ርዝመቱ 8 ሳንቲ በሆነ) ሚስማር መትቶ መደርደር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ የሚስማሩ ነገር ግን ጉድ ያመጣል፤ ወደ ታች ይመጣል።

ምላሽ 3 የወለሉን እርጥበት ጠየቀ። ጠያቂዋ በምላሽ 4 ክረምት ላይ ከኋላው ግድግዳ ሥር ያለው አፈር እንደሚረጥብ መለሰች። ይህን አለመደበቋ ለሁሉም ጠቀመ፤ ከዚያ በኋላ መሬት ላይ ፍራሽ ማንጠፍ የሚል ሐሳብ ያቀረበ አልነበረም።

ምላሽ 5። ከአነጋገሩ አናጢ የሆነ ሰው ምላሽ 2ን አረመው፤ በጨዋ ቃል፣ ግን ሳያለሳልስ። በጭቃ ቤት ክብደት የሚሸከመው ቋሚው እንጂ ምርጊቱ አይደለም። የምርጊቱ ውፍረት ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ነው። ውፍረቱ 4 ሳንቲ በሆነ ሞራሌ (ግድግዳው ላይ አግድም በሚገጠም ባለ አራት ጎን እንጨት) ላይ ቁጥር 8 ሚስማር ሲመታ 4ቱ በሞራሌው፣ የቀረው 4 በጭቃው ያልቅና እንጨቱን ሳይነካ ይቀራል። ለሳምንት ይይዛል፤ ድስቱ ሲደረደርበት ምርጊቱን ይዞ ይወርዳል። ቁጥር 10 ቢሆንም ቋሚውን የሚይዘው በ2 ሳንቲ ብቻ ነው፣ አይበቃም። መፍትሔው ሞራሌው ቋሚውን በሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ብቻ፣ የሞራሌውን ወርድ ያህል ጭቃ በቢላ ፍቆ እንጨቱን ማግኘት ነው። ያኔ ሞራሌው እንጨት በእንጨት ይገጥማል፤ የቁጥር 10 ሚስማር 6ቱ ሳንቲ ቋሚው ውስጥ ይገባል። አንድ ሞራሌ ቢያንስ ሦስት ቋሚ ይያዝ። ከዚያ ወዲያ ግድግዳው ላይ አንድም ሚስማር አይመታም፤ መደርደሪያው፣ መንጠቆው፣ ተጣጣፊ ጠረጴዛው ሁሉ ሞራሌው ላይ ይንጠለጠላል። ሲለቁ ሞራሌው ይነቀልና የተፋቀው ቦታ ይመረጋል፤ ከአከራይ ጋርም አያጣላም።

ከዚህ ሁሉ ምላሽ አንድ ነገር ብቻ ውሰድ ብባል የምወስደው ይህን ነው።

ምላሽ 6 ቋሚው የት እንዳለ የሚታወቅበትን ዘዴ ጨመረ፦ በጣት መገጣጠሚያ ሲንኳኳ ማገር ብቻ ያለበት ቦታ የባዶ ድምፅ ይሰጣል፣ ቋሚ ያለበት የደፈነ፤ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ የወረደ ስንጥቅም ብዙ ጊዜ ቋሚውን ይከተላል። እርግጠኛ ለመሆን ቀጭን ሚስማር ወግቶ ማየት።

ምላሽ 7 ከብቸና አካባቢ ነው፤ ስለ መመረጊያው አፈር ገባ። የዚያን አገር ጥቁር አፈር ለምርጊት የለመደ ሰው ያውቀዋል፤ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ለጥገና ቀይ አፈር ይመረጥ። መሞከሪያው ጠርሙስ ነው፤ ሲሶውን አፈር፣ የቀረውን ውኃ አድርጎ መናጥና እስከ ማግስቱ ማስቀመጥ፤ አሸዋው ከታች፣ ደቃቁ ከላይ ይረጋል። ደቃቁ ከግማሽ ከበለጠ አሸዋ መጨመር አለበት። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ቢያንስ ሳምንት ይብላላ፤ ጭዱ ካልለሰለሰ ልስኑ ላይ ብቅ ብቅ ይላል። ከርዕሱ የወጣ ቢመስልም ግድግዳ ለሚፍቅ ሰው በቦታው የመጣ ነው።

ምላሽ 8። ከፍኖተ ሰላም የጻፈ ሰው ቆጥን አነሳ። የኋላው ግድግዳ 3.30 ከሆነ ልጆቹ ከላይ፣ ወላጆቹ ከታች ይተኙ፤ አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ይሠራል። ምላሽ 9 ወዲያው ተቃወመችው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለውን ተረት አስታውሳ፣ ልጅ ከላይ ቢወድቅ ማን ይጠየቃል፣ እንጨቱስ ግድግዳው ላይ ቢያርፍ ቤቱን አያናጋውም ወይ አለች። ሁለቱ ጥያቄዎች ትክክል ነበሩ፤ የተቆጣ አነጋገሯ ግን ምላሽ 8ን አስኮረፈው፤ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ምላሽ 10። የመለሰላት አናጢው ነው፤ እህቴ ብሎ ጀምሮ ሥጋቷ ልክ መሆኑን አምኖ፣ ግድግዳውን ጨርሶ የማይነካ ቆጥ በቁጥር ዘረዘረ። ከምላሾቹ ሁሉ ረጅሙ ይህ ነው፤ ሳላሳጥር ነው የማስቀምጠው።

ቆጡ በራሱ እግር ይቆማል። ርዝመቱ 2.90፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 3 ሜትር ሙሉ ከተቆረጠ አይገባም። ወርዱ 1.50። እግሩ 6 ሲሆን 3 ከፊት፣ 3 ከኋላ፣ ውፍረታቸው 10 ሳንቲ የሆነ ባህር ዛፍ። በእግሮቹ ላይ ከፊትና ከኋላ አንዳንድ ወፍራም አግዳሚ ይታሰራል፤ የአግዳሚው ታች ከወለል 1.85 ይሁን። በአግዳሚዎቹ ላይ 8 ሳንቲ ውፍረት ያላቸው 9 ተሻጋሪዎች በየ35 ሳንቲው ይደረደራሉ፤ በዚያ ላይ ውፍረቱ 2.5፣ ወርዱ 20 ሳንቲ የሆነ 8 ጣውላ፤ የመጨረሻው በቁመቱ ተሰንጥቆ ይገጥማል። የመኝታው ወለል 2.06 ላይ ይሆናል። ጣሪያው በየሜትሩ 15 ሳንቲ ስለሚወርድ ከኋላ 1.24፣ ከፊት ጠርዙ 1 ሜትር ያህል ይተርፋል፤ ኮርኒስ ቢገባበትም ልጅ ተቀምጦ ደብተር ይጽፋል።

መገጣጠሚያው ሚስማር አይደለም፤ ሚስማር ሲፈቱትና ሲገጥሙት ይላላል። 12 ሚሊ ሜትር ብሎን ከነሮንዴላውና ከነዳዶው፣ ርዝመቱ 18 ሳንቲ፤ አግዳሚና እግር በሚገናኙበት በሁለቱም በኩል 2 ሳንቲ ይጠረብና ገበታ ለገበታ ይሳማሉ። የሚበላሸው ሰያፍ ድጋፍ ሲረሳ ነው። በእግርና በአግዳሚ መካከል 60 ሳንቲ የሆነ ሰያፍ በሁለቱም አቅጣጫ ካልገባ ቆጡ ልጅ በተገላበጠ ቁጥር ይወዛወዛል፣ ብሎኑም ቀዳዳውን እያሰፋ ይሄዳል። በፊት በኩል ከፍራሹ በላይ 35 ሳንቲ የሚቆም መከታ ግዴታ ነው። መሰላሉ 6 መርገጫ፣ በየ29 ሳንቲው፣ እግሩ ከቆጡ 50 ሳንቲ ወጣ ብሎ ይቆማል፤ ከላይም ከታችም ይታሰራል።

እንጨቱ ደግሞ እርጥብ እንዳይሆን። ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። እንደተቆረጠ ይላጥ፣ በጥላ ከ2 እስከ 3 ወር ይቀመጥ፤ ፀሐይ ላይ የደረቀው ጫፉ ይተረተራል። ሚስማርም ሆነ ብሎን ከመግባቱ በፊት በመሰርሰሪያ ይበሳ። እግሮቹ አፈሩ ላይ አይቆሙም፤ ለእያንዳንዱ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ በድንጋዩና በእግሩ መካከል ደግሞ ዙሪያውን 3 ሳንቲ የሚተርፍና ጠርዙ ወደ ታች የታጠፈ የቆርቆሮ ቁራጭ። ቆርቆሮው ምስጥን አይገድልም፤ ግን የጭቃ መንገዱን በጠርዙ ዞሮ እንዲሠራ ስለሚያስገድደው በዓይን ይታያል፣ ይጠረጋል።

ምላሽ 9 ተመልሳ በአጭሩ አመሰገነች፤ ይኸኛው ቁጥር 11 ነው። ከተቃወሙ በኋላ ተመልሶ ማመስገን በእንዲህ ያለ ቦታ ብዙ አይታይም፣ ያስከብራታል።

ምላሽ 12። ከእንጅባራ አንድ የቀርከሃ ሠራተኛ ገባ። ተሻጋሪውና መከታው በአዊ ቀርከሃ ቢሠራ ይቀላል፣ ሲለቁም ሁለት ሰው ተሸክሞት ይሄዳል አለ። ቀርከሃው 3 ዓመት ያለፈው ይሁን፤ ለጋው ሲደርቅ ይጨማደዳል። በበጋ ይቆረጥ፣ በክረምት የተቆረጠው ጣፋጭ ስለሚበዛበት ትል ይበላዋልና ነጭ ዱቄት ያራግፋል። ቀርከሃ ሚስማር አይወድም፤ ይተረተራል። ተበስቶ በእንጨት ችንካር ይያዛል፣ ወይም በእርጥብ ጠፍር ይታሰራል፤ ጠፍሩ ሲደርቅ ይጨብጣል። ምላሽ 13 (አናጢው) በመከታው ተስማማ፣ በተሻጋሪው ግን አልተስማማም፤ ልጅ የሚዘልበትን ክብደት ከቀርከሃ ይልቅ ባህር ዛፍ ቢሸከመው መረጠ። ሁለቱም በቁጥር ነበር የሚነጋገሩት፤ ስድብ አልነበረበትም።

ስድቡ የመጣው ከምላሽ 14 በኋላ ነው። ጸሐፊው የማርቆስን ብርድ አንስቶ፣ ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር በላይ መሆኗን ጠቅሶ፣ ማታ ማታ በከሰል ምድጃ ክፍሉን ማሞቅ ይቻላል፣ ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣም ልጆቹ ቆጡ ላይ አይበርዳቸውም አለ። ምላሽ 15 በቁጣ ተነሳ፤ ይህ ምክር ሳይሆን አራት ሰው መግደያ ነው ብሎ ዘለፈው። ምላሽ 16 ደግሞ ለ14 ሲከራከር፣ በአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ከሰል፣ ዲከረንስ ከሚባለው የግራር ዓይነት ዛፍ የሚከሰለው፣ በደንብ የከሰለ ስለሆነ አይጨስም፣ ጉዳት የለውም አለ። ያኔ 15 ቃሉን ይበልጥ አከረረ፤ አሳፋሪ ድንቁርና እስከማለት ደረሰ።

ቃሉ ከረረ እንጂ ነገሩ እውነት ነው፤ እኔም ያለ ማወላወል ከ15 ጋር ነኝ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። የሚያጨሰው ከሰል ቢያንስ ያስላል፣ ሰው ወጥቶ ይሸሻል፤ የማያጨሰው ሰውን እንቅልፍ ላይ ሳለ ይይዘዋል። ጥራት ያለው ከሰል ከሆነማ ሰው የበለጠ ይዘናጋል። 12 ካሬ ክፍል ተዘግቶ ምድጃ ሲያድርበት መርዙ የሚከማችበት ቦታ ጠባብ ነው፤ ትኩሱ አየር መጀመሪያ የሚወጣው ደግሞ ቆጡ ላይ ወደተኙት ልጆች ነው።

ምላሽ 17 አረጋጋቸው። አነጋገሩ የትልቅ ሰው ነው፤ ለ15 ልጄ ብለው እውነቱን ሳይለቅ አንደበቱን እንዲያለዝብ፣ ለ14ና ለ16 ደግሞ የተባለውን በጽሞና እንዲቀበሉ መከሩ። ከዚያ ሥርዓቱን አስቀመጡ፦ ማብሰል በረንዳ ላይ፤ ቡና ሲፈላ በርና መስኮት ተከፍቶ፤ ከመተኛት በፊት ምድጃው ከነፍሙ ወደ ውጭ። ቆጥ ባለበት ቤት ከኋላው ግድግዳ ጫፍ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ 15 በ15 የሆኑ ሁለት መተንፈሻዎች በወንፊት ሽቦ ተሸፍነው ክፍት ይሁኑ፤ ለዚህ ብቻ አከራዩ ይለመን። ከብርዱ ለማምለጥ መተንፈሻ መድፈን ሳይሆን የቆርቆሮውን ሥር መሸፈን ነው አሉ። ወሬውን ወደ ኮርኒስ የመለሱት እሳቸው ናቸው።

ምላሽ 18። የማዳበሪያ ኬሻ ኮርኒስ። የ50 ኪሎ ኬሻ በጎኑና በታቹ ሲተረተር 1.20 በ1 ሜትር ያህል ይዘረጋል፤ ለ12 ካሬ ከነስፌቱ 13 ይበቃል። ሁለቴ በሳሙና ይታጠብ፤ የዩሪያ ቅሪት እርጥበት ይስባል፣ ሚስማርና ቆርቆሮ ያዝጋል። አንድ ላይ ተሰፍቶ በየ60 ሳንቲው በተወጠረ ቀጭን እንጨት ላይ ይመታል፣ ሚስማሩ ሥር የጎማ ቁራጭ ገብቶ፤ ያለዚያ በንፋስ ይቀደዳል። ከቆርቆሮው ቢያንስ 15 ሳንቲ ይራቅ፤ ሌሊት ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ የቤቱ ትንፋሽ ጠል ሆኖ ሥሩ ላይ ያዥበታል፣ ኬሻው ከነካው ይረጥባል።

ምላሽ 19 በማዳበሪያ ኮርኒስ ቅር አለው፤ እንግዳ ሲያየው ድህነት ይመስላል አለ። ምላሽ 20 ጠንከር ብላ መለሰች፤ ሙቀት የሚያገኝ ልጅ እንጂ የእንግዳ ዓይን አያሳስበኝም ብላ፣ ለሚያፍር ሰው ግን ከኬሻው በታች አቡጀዲ ወጥሮ ነጭ ቀለም መቀባት እንደሚቻል አሳየች፤ ክፍሉም ይበራል። አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመረች፦ ኬሻ ፕላስቲክ ነው፣ እሳት ሲይዘው እየቀለጠ ይንጠባጠባል፤ ሻማና ኩራዝ ቆጡ ላይ አይውጣ፣ አምፖሉም ኬሻውን ሳይነካ ወርዶ ይንጠልጠል። ከዚሁ ጋር ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ አነሳች፤ 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ ለአምፖል በተዘረጋ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ላይ ከተሰካ ገመዱ ይግላል። ለብቻው 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ከራሱ ማቋረጫ ጋር ይዘርጋለት።

ምላሽ 21። የኩንታሉ ነገር እስከዚህ ተረስቶ ነበር። አንድ እህል የሚያውቅ ሰው ቆጥ ላይ ይውጣ የሚል እንዳይኖር አስቀድሞ ዘጋው፤ 100 ኪሎ በአንድ ቦታ፣ ያውም ልጆች አጠገብ። ጤፍን የሚያጠፋው እንደ በቆሎና እንደ ስንዴ ነቀዝ አይደለም፤ እርጥበትና አይጥ ናቸው። በኬሻ የሚቀመጥ ከሆነ ከወለል 12፣ ከግድግዳ 15 ሳንቲ በራቀ የእንጨት ርብራብ ላይ። የተሻለው ግን ጀሪካን ነው። በደንብ የደረቀ ጤፍ በማንቆርቆሪያ ቀዳዳ እንደ ውኃ ይፈሳል፤ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 16 ወይም 17 ኪሎ ስለሚይዝ ኩንታሉ በ6 ያልቃል። አልጋው ሥር 30 ሳንቲ ከተገኘ አግድም ተጋድመው ይገባሉ፣ ቦታ አይወስዱም፣ አይጥም አይደርስባቸውም። ነዳጅ የነበረበት ጀሪካን አይሆንም፤ የዘይቱም በፈላ ውኃና በሳሙና ታጥቦ፣ አፉ ወደ ታች ተደፍቶ ቀናት መድረቅ አለበት።

ምላሽ 22 መቀመጫውን አቀረበ፦ በጎን ግድግዳ ላይ የሚደገፍ፣ 1.80 ርዝመት፣ 45 ከፍታ፣ 45 ወርድ ያለው ክዳናም የሣጥን መደብ። ሦስት ሰው ያስቀምጣል፣ አራተኛው በርጩማ ላይ። ብርድ ልብስና የክረምት ልብስ ውስጡ ይገባል፤ ግን ከግድግዳ 5 ሳንቲ ካልራቀና ከጀርባው ቀዳዳ ካልተበሳለት ይሻግታል። ፊት ለፊቱ፣ ምላሽ 5 ባለው ሞራሌ ላይ፣ 50 በ90 የሆነ ጠረጴዛ በሦስት ማጠፊያ ተንጠልጥሎ ሲፈለግ ይነሳል።

ምላሽ 23። ጠያቂዋ ተመለሰች። የካርቶኑን ቁርጥራጭ ሠርታ ሞክራዋለች። ቆጡ በኋላው ግድግዳ፤ አልጋው ከሥሩ፣ ከኋላው መካከለኛ እግር ለማምለጥ 10 ሳንቲ ወደ ፊት ወጥቶ፤ ጀሪካኖቹ ከአልጋው ሥር፤ በቀረው ጥግ የልብስ መስቀያ። ከቆጡ ወደ ፊት 2.50 በ3 ሜትር ወለል ነፃ ሆኖላታል። አከራዩ መተንፈሻዎቹን ፈቅዷል። የቀራት አንድ ጥያቄ የእግሮቹ ቁመት ነው፤ ስድስቱንም እኩል ላስቆርጥ ወይ አለች።

ምላሽ 24። አናጢው አይሆንም አለ። የአፈር ወለል እኩል አይደለም፤ በ3 ሜትር ውስጥ 5 ሳንቲ መውረድና መውጣት የተለመደ ነው። መጀመሪያ ስድስቱ ድንጋዮች በቦታቸው ይቀመጡ፣ እንዳይንቀጠቀጡ አሸዋ ይነስነስላቸው። በሚያሳይ ቀጭን ላስቲክ ቱቦ ውኃ ሞልቶ፣ አረፋው ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ጠብቆ፣ ከከፍተኛው ድንጋይ 1.85 ላይ ምልክት ማድረግና ያንን ውኃ ልክ በየእግሩ ቦታ ግድግዳው ላይ በከሰል ማሥመር። ከዚያ እያንዳንዱ እግር ከራሱ ድንጋይ እስከ ራሱ ምልክት ይለካ፤ አግዳሚው የሚታሰርበት 10 ሳንቲ ተጨምሮ ይቆረጥ፤ ሲለቁ እንዳይቀያየር በየእግሩ ላይ ቁጥር ይጻፍ።